ሁለተኛው አንባቢ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ቅጽል ስም የሚያወጡት ግን የሥራ ባልደረቦች ናቸው፤ ዓይናቸውም ከመልአኩ አይተናነስም። የራጅ ክፍሏን ሐኪም «ዶክተር እስቲ» ያሏት በከንቱ አልነበረም። ዝናብ መጣ ሲሏት «እስቲ» ብላ መስኮት ትከፍታለች። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉ ደርቋል ስትላት «እስቲ» ብላ በጫማዋ ጫፍ ትነካዋለች። ቲማቲም ስትገዛ ከላይ በሥርዓት የተደረደረውን ትታ እጇን ወደ ሥር ትሰዳለች፤ ሻጮቹም ከሩቅ ሲያዩዋት «መጣችልን» እየተባባሉ ክምራቸውን ይጠብቃሉ።

ይህን ጠባይ ያወረሷት እናቷ ናቸው። እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ጆንያ ሲቀርብላቸው ከአፉ ዘግነው አያውቁም። ባለጆንያው ቆሞ እየማለና እየተገዘተ እሳቸው ሥሩን ያስፈቱና ከዚያ ይዘግናሉ። «ከላይ ያለውን ለዓይኔ ነው ያዘጋጀልኝ፤ እኔ የምፈልገው ወፍጮ የሚገባውን ነው» ይሉ ነበር። እንዲህ ያሉ ሴት ያሳደጓት ልጅ ሐኪም ሆና፣ ከሐኪምነትም የሰው ውስጥ የሚታይበትን ሙያ ስትመርጥ ማንም አልገረመውም። አስተማሪ የሆነው ባሏ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኛ ቤት እውነት መናገር ብቻውን አይበቃም፣ ምስክር ማቅረብ አለ» እያለ ያስቅባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ስቃ ስታበቃ ግን ምስክሩን ትጠይቀዋለች።

በሥራዋ ላይ ግን ጥርጣሬዋ የቀልድ አልነበረም። የራጅ ማንበቢያው ክፍል መስኮት የለውም። ሁለት ጠረጴዛ አለ፣ በመካከላቸው ጣራ የማይደርስ የጣውላ ግድግዳ፣ በየጠረጴዛው ላይ ሁለት ሁለት ስክሪን። ከጣውላው ወዲያ ለብዙ ዓመታት የተቀመጡት አንድ አዛውንት ሐኪም ነበሩ፤ ሁሉም የሚጠራቸው «ጋሼ» ብሎ ብቻ ነው። የሁለቱ ደንብ አንድና የማይናወጥ ነበር። እያንዳንዱን ራጅ ሁለቱም ያነቡታል፣ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ሳያይ። ከተስማሙ ውጤቱ ወዲያው ለታካሚው ይላካል፤ ካልተስማሙ ይጨቃጨቃሉ እንጂ ወረቀቱ ከክፍሉ አይወጣም።

ጋሼ ደግሞ «አይደለም» ማለት ነፍሳቸው ነበር። «አይደለም፣ ይሄ የጎድን አጥንት ጥላ ነው። አይደለም፣ ይሄ ሰውዬ ራጅ ሲነሳ ተንቀሳቅሷል።» እሷ ተናዳ ጣውላውን ዞራ ትመጣለች፣ ሁለቱም አፍንጫቸውን ስክሪኑ ላይ ደቅነው ይነታረካሉ፣ አንዳንድ ቀን እስከ ምሳ ይኮራረፋሉ። ማታ ግን ቤቷ ገብታ የሰላም እንቅልፍ ትተኛለች። ከኋላዋ የሚጠራጠራት ሰው እንዳለ ታውቃለችና።

ጋሼ ጡረታ ወጡ። በምትካቸው ሰው ይቀጠራል ሲባል የመጣው ማሽን ሆነ። የሆስፒታሉ ኃላፊ ሠራተኛውን ሰብስቦ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዘም ያለ ንግግር አደረገ፤ ሁለተኛው አንባቢ ከእንግዲህ እሱ ነው፣ አይደክመውም፣ አይርበውም፣ ፈቃድ አይጠይቅም አለ። ዶክተር እስቲ ከኋላ ወንበር ሆና አዳመጠችው። የማይደክመው ነገር የሚጨነቀው ለማን ብሎ ነው ስትል አሰበች፤ ማሰቧን ግን ለራሷ ያዘችው። ጋሼ በስልክ ሲሰሙ ሳቁና «እኔ በከንቱ ነው የወጣሁት፤ ሶኬት ላይ ብትሰኩኝ እቀጥል ነበር» አሏት።

ማሽኑ መጀመሪያ ላይ አሳሯን አበላት። በራጁ ላይ የጠረጠረውን ቦታ በቢጫ ሳጥን ይከብባል፤ የማይጠረጥረው ነገር ግን አልነበረውም። የሸሚዝ ቁልፍ ይከብባል። ድሮ ተሰብሮ የዳነ አጥንት ይከብባል። የጡት ጫፍ ጥላ ባየ ቁጥር ዕጢ ነው ብሎ ይከብባል። በከበበ ቁጥር ደግሞ እሷ አንድ በአንድ «አይደለም» እያለች መልስ ካልሰጠች ውጤቱ አይለቀቅም። ታካሚው ደጅ ላይ ሰልፍ ይዞ እሷ ከቁልፍ ጋር ትከራከራለች። በየስብሰባው ተነስታ ጮኸች፤ ሥራው ራሱ ከአቅማችን በላይ ሆኖ ሳለ ይሄ የተላከብን በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ ነው አለች። ሌሎቹም ሐኪሞች አጉረመረሙ፤ እንደ እሷ የጮኸ ግን አልነበረም። በመጨረሻ ማሽኑን ከሸጠው ድርጅት አንድ ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው መጣ። «ባለማሽኑ» አሉት። ቦርሳውን ከፍቶ ሲነካካ ውሎ «አስተካክለነዋል ዶክተር፣ ከእንግዲህ አያስቸግርዎትም» ብሏት ሄደ።

እውነቱን ነው፣ አላስቸገራትም። ማሽኑ ከዚያ ቀን ወዲህ የበግ ግልገል ሆነ። እሷ አይታ ትጽፋለች፣ ትልካለች፤ ጥቂት ቆይቶ ከሥሩ አረንጓዴ መስመር ይመጣል፦ «ተስማምቷል»። የሳንባ ምች ነው ስትል ይስማማል። ንጹህ ነው ስትል ይስማማል። ሥራው ተቃለለ፣ ሰልፉ አጠረ፣ ኃላፊውም በኮሪደር ሲያገኛት «አዩ አይደል» በሚል ፊት ፈገግ ይላል።

ዶክተር እስቲን ግን እንቅልፍ ነሳት። ጋሼ እንኳ፣ ያን ያህል እየወደዷት፣ አንድም ቀን ሳይቃወሟት ውለው አያውቁም። ራጅ እኮ ጥላ ነው፤ ጥላ አይቶ ሁልጊዜ ከሰው ጋር የሚስማማ ከየት ይመጣል? ለባሏ «ሁልጊዜ የሚስማማልህ ሰው ወይ አይሰማህም፣ ወይ የሚፈልገው ነገር አለ» አለችው።

«እኔ ስንት ዘመን ስስማማልሽ ኖሬ አንድም ቀን አልጠረጠርሽኝም» አላት።

«አንተንማ የጠረጠርኩህ ከሰርጋችን በፊት ነው።»

ሳቁ። እሷ ግን ነገሩን አልተወችውም። አስቸጋሪ ራጅ ሲገጥማት ሆን ብላ ሳትጽፍ ትቆያለች፤ ማሽኑም ዝም ብሎ ይጠብቃታል። ጽፋ ስትልክ ብቻ እሱም ይናገራል። ይሄ ነገር የሚያየው ራጁን ነው ወይስ የኔን ጽሑፍ? ኃላፊውን ጠየቀችው። እሱ ለየብቻ ነው የምታነቡት፣ ውሉም እንደዚያ ይላል ብሎ መለሰላት። እስቲ አሳየኝ አለችው። ዶክተር፣ እርስዎ እንኳን ማሽኑን ጥላዎንም አያምኑም ብሎ ሳቀና ወደ ስብሰባው ገባ። ያ ሳቅ ሆዷ ውስጥ ቀረ።

የዳቦ ጋጋሪዋ ራጅ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ዳቦ ቤቷ ከሆስፒታሉ ጀርባ ካለው መንገድ ዳር ነው፤ ሐኪሞቹም ሁሉ ከእሷ ይገዛሉ። ሳል ይዟት አልለቅ ብሏት ነበር፤ የዱቄት ነው ብላ ስትታገሰው ቆይታ በልጇ ውትወታ መጣች። ዶክተር እስቲ ራጁን ከፈተችና በልማዷ ከጫፍ ጀመረች። ቀኝ ሳንባ፣ ግራ ሳንባ፣ ልብ። ከዚያ ብዙ ሰው የሚስተውን ቦታ፣ ከአንገት ሥር ያለውን አጥንት ጀርባ አየች። ባቄላ የምታክል ጥላ ነበረች። የአጥንት አይደለችም፣ የልብስ አይደለችም። አንድ ጊዜ አጉልታ አየቻት፣ ተጠራጥራም አልነበረም። ቶሎ ሌላ ምርመራ የሚያስፈልጋት ነገር ናት።

እጇን ወደ ጽሑፉ ልካ ድንገት ቆመች። ይቺ ነገር ማሽኑን የምትፈትን ናት የሚል ሐሳብ መጣባት። ሐሳቡ ሲመጣ ደግሞ ክፉ አይመስልም ነበር። ንጹህ ነው ብዬ ልጻፍ፣ ማሽኑ ከተቃወመኝ ሐቀኛ ነው፤ ከተስማማ እጅ ከፍንጅ ያዝኩት፤ በዚያም በዚህም ወዲያው አርመዋለሁ። ማን ይጎዳል? ጻፈች፦ «ሳንባዋ ንጹህ ነው።» ላከች።

አረንጓዴው መስመር መጣ፦ «ተስማምቷል»።

«ያዝኩህ!» ብላ ጠረጴዛውን መታች። ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ ጽሑፉን ልታርም ስትከፍተው አልከፈት አላት።

ሁለቱ ከተስማሙ ውጤቱ ወዲያው ይላካል፤ ደንቡ የእሷና የጋሼ ነው፣ ታካሚ በከንቱ እንዳይጉላላ ብላ የታገለችለትም ራሷ ናት። በጋሼ ዘመን ግን «ወዲያው» ማለት ተላላኪው ወረቀቱን ይዞ ኮሪደሩን እስኪያቋርጥ ማለት ነበር፤ ሐሳቡን የቀየረ ሰው «አንተ፣ ተመለስ» ብሎ መጥራት ይችላል። አሁን ውጤቱ በታካሚዋ ስልክ ላይ ገብቷል። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይላሉ። እሷ የማሰችው ለማሽኑ ነበር፤ የገባችበት ግን ዳቦ ጋጋሪዋ ናት።

ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄደች። የተዘጋ ውጤት የሚከፈተው በእሱ ፈቃድ ነው፣ የሚከፈትበት ምክንያትም መገለጽ አለበት። በኮሪደሩ ስትሄድ እውነቱን ልናገር ብላ ነበር። በሩን ስትከፍት ግን ነገሩ በአፏ ውስጥ ቅርጹን ለወጠ። ሆን ብዬ ሐሰት ጻፍኩ ያለ ሐኪም ከዚያ በኋላ ምን ቢናገር ማን ያምነዋል? የሙያ ፈቃዷስ? «በድጋሚ ሳየው ጥላ አገኘሁ» አለች።

ኃላፊው ራጁን ከፍቶ ከንፈሩን መጠጠ። «ዶክተር፣ አይጨነቁ። ቦታው አስቸጋሪ ነው፤ እርስዎም ማሽኑም አላያችሁትም። ማንም ሊያልፈው ይችላል።»

ደስ አላት። ደስ ማለቷን ራሷ ስትሰማው ደግሞ አፈረች። ያ ስትጠረጥረው የኖረችው ማሽን በእሷ ውሸት ነጻ ወጣ፤ እሷም በእሱ ከለላ ነጻ ወጣች።

ውጤቱ ታርሞ የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ለዳቦ ጋጋሪዋ ደወለች። አልመጣም አለች። ስልኳ ላይ የገባው መልእክት ሁለት አንባቢ አይቶ ንጹህ ነሽ ብሏታል፤ አንዷ ሐሳቧን ስለቀየረች ምድጃዬን አጥፍቼ አልመላለስም፣ ሳሌ የዱቄት ነው ብላ ስልኩን ዘጋች። በማግስቱም ተደወለላት፤ አላነሳችም።

ዶክተር እስቲ ባለማሽኑን አስጠራች። ስለ ወጥመዱ አልነገረችውም። ይህን ራጅ ያለኔ ጽሑፍ፣ ብቻውን፣ ለማሽኑ አሳይልኝ አለችው። ሰውየው አንገቱን አከከ፣ እንዲህ አይደረግም አለ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ተቀመጠ። ምስሉን ብቻውን ሰጠው። ቢጫው ሳጥን ጊዜ አልወሰደበትም፤ ከአንገት ሥር ካለው አጥንት ጀርባ ባቄላዋን ከበባት።

ዶክተር እስቲ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። «ታዲያ ለምን ንጹህ ነው ስል ተስማማ?»

«እናንተ እኮ ናችሁ ዶክተር» አላት፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። «ባስጠነቀቀ ቁጥር ትጮኹ ነበር፤ እርስዎ ደግሞ ከሁሉ በላይ። ስለዚህ የመጀመሪያውን አንባቢ ጽሑፍ አብሮ እንዲያይ አደረግነው። እሱ ሲጠራጠር ሐኪሙ ንጹህ ካለ ዝም ብሎ ይስማማል። የጠየቃችሁን ሰላም ነው፤ ሰላም ሰጠናችሁ።»

«ይሄን ኃላፊው ያውቃል?»

«ሥራው ቀለለ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ቀሏል አልኩት።»

ጥርጣሬዋ እውነት ሆነ። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ደረቷን የምትነፋ ይመስላት ነበር፤ አሁን ግን ወንበሩን ይዛ ቆማ ቀረች። ባለማሽኑ ቦርሳውን ዘግቶ ወጣ።

ካፖርቷን ደርባ በጀርባው በር ወጣች። መንገዱ አጭር ነው፤ እሷ ግን ብዙ ጊዜ ቆመች። ዳቦ ጋጋሪዋ በልመና እንደማትመጣ ታውቃለች። ሁለት ምስክር ከአንድ ይበልጣል ብላ የፈረደችን ሴት ለመመለስ አንደኛው ምስክር ሐሰተኛ እንደነበር መናገር ያስፈልጋል። ያንን ተናግሮ ደግሞ ወደዚያ መስኮት አልባ ክፍል መመለስ ላይኖር ነው። ካልተናገረች ባቄላዋ ባቄላ ሆና አትቀርም።

ዳቦ ቤቱ ሞቅ ያለ ነበር። ዳቦ ጋጋሪዋ እጅጌዋን ሰብስባ ሊጥ ትቆርጣለች፤ በየመሃሉ ፊቷን ወደ ክንዷ አዙራ ትስላለች። ከዶክተር እስቲ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ትከሻዋ የወንድ ትከሻ ነው።

«ዶክተር፣ ዳቦ ከሆነ ገና አልወጣም» አለች ቀና ሳትል።

«እትዬ፣ ስለ ራጁ ነው የመጣሁት።»

«እሱን ነግሬያቸዋለሁ። ያ ማሽናችሁ ንጹህ ነሽ ብሎኛል።»

«ብሏል።»

«ሐሳቡን ቀይሯል?»

«አልቀየረም።»

«ታዲያ እኔ የማምነው የማይቀያየረውን ነው። ማሽን ከኔ ምን ይፈልጋል? ሰው ነው የሚፈልገው። አንድ ጊዜ ንጹህ፣ አንድ ጊዜ ተመለሽ፤ ዛሬ ተመለሽ፣ ነገ ተኚ፣ ከነገ ወዲያ ይቀደድ።» ሊጡን ገለበጠችው። «እንዳይከፉብኝ ዶክተር። ሆስፒታል የገባ ጎረቤቴ ሁሉ እንዲህ ነው የጀመረው።»

ዶክተር እስቲ አባባሏን ልትነቅፍ አልቻለችም። በእሷ ቦታ ብትሆን እሷም እንዲሁ ትል ነበር። በልቧ ሴትየዋን ወደደቻት፤ መውደዷም ነገሩን አከበደባት።

«ማሽኑ የተስማማው እኔ ንጹህ ነው ብዬ ስለጻፍኩ ነው» አለች። «እኔ ደግሞ ንጹህ አለመሆኑን አውቄ ነው የጻፍኩት።»

ቢላዋው ቆመ።

«አልገባኝም።»

«ጥላዋን አይቻታለሁ። ማሽኑ ይቃወመኝ እንደሆነ ልፈትነው ብዬ ሐሰት ጻፍኩ። ወዲያው አርመዋለሁ ብዬ ነበር። አመለጠኝ።»

ዳቦ ጋጋሪዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ለረጅም ጊዜ ፊቷን ስታያት ቆየች፤ ዶክተር እስቲም ዓይኗን አላሸሸችም፣ መሸሽ ግን ፈልጋ ነበር።

«ሆን ብለሽ?»

«ሆን ብዬ።»

«ስትጽፊ ስሜን አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ይሄን አለቆችሽ ያውቃሉ?»

«አያውቁም። በድጋሚ ሳየው አገኘሁት ብዬ ዋሸኋቸው። ከዚህ ስመለስ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።»

«ያባርሩሻል።»

«ሊያባርሩኝ ይችላሉ።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ከጀርባዋ ያለውን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። እስካሁን ያልነበረ ፍርሃት ፊቷ ላይ መጣ። «እንዲህ ያለ ነገር ማንም በራሱ ላይ ፈጥሮ አያወራም» አለች ለራሷ እንደምትናገር። «እውነት ነው ማለት ነው። አለችብኝ ማለት ነው።»

«አለች። ከአንገት ሥር ካለው አጥንት ጀርባ፣ ትንሽ ናት። አሁን ብትታይ ብዙ ማድረግ ይቻላል።»

«እመጣለሁ። አንቺ ግን አታነቢልኝም።»

«ሌላ ሐኪም ያነበዋል።»

«ያ ማሽንም እንዳያየኝ። ያንቺን አፍ የሚጠብቅ ከሆነ ምን ያደርግልኛል?»

እዚህ ላይ ዶክተር እስቲ ዝም ማለት ትችል ነበር። ማሽኑን ረግማ፣ ጥፋቱን ተካፍላ፣ ሸክሙን ግማሽ አውርዳ መሄድ ትችል ነበር። «ዛሬ ምስሉን ብቻውን አሳየሁት» አለች። «ጥላዋን አግኝቶ ከበባት። ያኔም ዝም ያለው ሳያይ ቀርቶ አይደለም።»

«እሱም አይቶት ነበር?»

«አዎ።»

«አንቺም አይተሽው ነበር።»

«አዎ።»

ዳቦ ጋጋሪዋ መዳፏን ደረቷ ላይ፣ ከአንገቷ ሥር ባለው አጥንት ላይ አደረገች።

«እንግዲያው ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ» አለች።

ሽርጧን ፈትታ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችና ከዶክተሯ ቀድማ ወጣች።